ከግርጌ ያለችው አረንጓዴ መስመር

የልጅ ልጄ ናዝሬት በኮምፒውተሯ ጥቁር ገጽ ግርጌ ላይ አንዲት ቀጭን አረንጓዴ መስመር አለቻት። እኔ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሬያለሁ፤ ማንበብ አያቅተኝም። ያንን ጥቁር ገጽ ሳየው ግን ያዞረኛል። ቲመክስ ይባላል አለችኝ፤ አንዱን መስኮት ለሦስት ለአራት ከፍሎ ያሠራል። እኔ የወደድኩት መስመሯን ነው።

መጀመሪያ ስምና ሰዓት ብቻ ነበረባት። የቀረውን ያሳመረችው ናዝሬት ናት። ለእያንዳንዱ ነገር ስክሪፕት የምትለውን አጭር ትእዛዝ ትጽፋለች። አንዱ ዲስኩ ላይ ስንት ቦታ እንደቀረ ይጠይቃል፤ አንዱ ሥራው ከመቶ ስንት እንደደረሰ፤ አንዱ ከፈረንጅ ሰዓት ስድስት ቀንሶ በእኛ አቆጣጠር ይጽፋል። በየአምስት ሴኮንዱ ጠይቀው ይመለሳሉ። ደግሞ ጽፋ ብቻ አትተወውም፤ ሆን ብላ ታበላሸዋለች። ዲስኩን በማይረባ ፋይል ትሞላና መስመሯ ትቀላ እንደሆነ ታያለች።

«ካልቀላችማ ስትዋሸኝ ኖራለች ማለት ነው፣ እማማ» ትለኛለች።

ይህን ጥንቃቄ ከየት አመጣችው? እናቷ እንኳ በር ሳትዘጋ ነው የምትወጣው።

ያን አርብ ግን ከጎኗ ሳልነሣ ነው የዋልኩት። ጉርድ ሾላ ያለ መሥሪያ ቤት ለሦስት ወር ሙከራ ይዟት ነበር፤ የመጨረሻዋ ቀን ናት። የሰባት ዓመት ፋይል ከአሮጌው ማሽን ወደ አዲሱ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካላዛወረች ቅጥሩ የለም። እሷ ከቤት ሆና ማሽኖቹን ታዛለች።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ደመናው ወረደ፤ ልብስ ልታስገባ ተነሣች።

«እማማ፣ መስመሯን ይዩልኝ። ከቀላች ይጥሩኝ።»

«ነጠላ ጣል አድርጊ!»

«ሰማሁ!» አለች፤ ሳትለብስ ወጣች።

ወዲያው እንጦጦ ራጉኤል በኩል ሰማዩ ተሰነጠቀ። ነጎድጓድ ሲመጣ ሶኬት መንቀል እዚህ የካ ሚካኤል ሰፈር ሁላችንም የምናደርገው ነው፤ የጎረቤቴ የጂቱ ቴሌቪዥን የተቃጠለው ሳትነቅል ቀርታ ነው። እጄ ከሐሳቤ ቀደመ። ቴሌቪዥኑን፣ ፍሪጁን፣ ያንን የሚያብለጨልጭ የዋይፋይ ሳጥን፣ ሁሉንም ነቀልኩ። ኮምፒውተሩ በባትሪው በርቶ ቀረ።

እፎይ ብዬ መስመሯን አየሁ። አልቀላችም። ግን ስምንት ከአርባ ላይ ቆማለች፤ ከመቶ አርባ ሦስት ላይ ቆማለች። የግድግዳው ሰዓት አርባ አምስት ሞላ፤ እሷ ያው ናት።

የልጄን እንጀራ በገዛ እጄ ነቀልኩት አልኩ።

ናዝሬት ልብሱን ታቅፋ ገባች። «መብራት ጠፋ እንዴ?»

«አልጠፋም። እኔ ነኝ የነቀልኩት።»

ሳጥኑን አየች፤ እኔን አየች። ልብሱን አልጋው ላይ ጣለችና ሶኬቱን መልሳ ሰካች። ሳጥኑ ግን እስኪነቃ ሞት ነው። በዚህ መሐል ስልኳ ጮኸ፤ አለቃዋ አቶ ሰርፀ ናቸው። እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፈተችው።

«ናዝሬት፣ መልእክት አትመልሺም፤ ምን ሆነሽ ነው?»

«ነጎድጓድ ነበር፤ አያቴ ዋይፋዩን ነቀሉት።»

በስመ አብ! መብራት ጠፋ ብትል ምን ነበረበት?

«ሥራውስ?»

«እየሄደ ነው።»

ሳታይ! ክንዷን ቆነጠጥኳት። ወደ እኔ ዞራ ቀስ ብላ፣ «እማማ፣ የሚሠራው ጉርድ ሾላ ባለው ማሽን ላይ ነው። እዚህ ያለው ማያው ብቻ ነው። የነቀሉት ማያውን ነው» አለች።

የሳጥኑ መብራት አረንጓዴ ሆነ። አንድ አጭር ቃል ጻፈች። ያ ጥቁር ገጽ እንዳለ፣ ክፍልፋዩ ሳይዛነፍ ተመልሶ መጣ፤ ከሥሩም መስመሯ፦ ስምንት ከሃምሳ ሦስት፤ ከመቶ ሃምሳ ስምንት። እኔ ስደነግጥ እሷ አሥራ አምስት ተጉዛለች።

«አየሁት፤ እኔም ከዚህ ማሽኑ ላይ ገብቻለሁ» አሉ አቶ ሰርፀ። «ይህችን ከታች ያለችውን ማን ሠራት?»

«እኔ።»

«መቶ ሲሞላ ደውዪልኝ።»

ዘጠኝ ተኩል ሳይሆን ሞላ። እልል ልል ስነሣ፣ «ቆይ እማማ» ብላ የሁለቱን ማሽኖች ፋይል አስተያየች፤ ጥቂቶቹንም ከፍታ አነበበች። ከዚያ ነው የደወለችው።

«ሰኞ መጥተሽ ውሉን ፈርሚ» አሉ። «ያችን መስመር በሁላችንም ማሽን ላይ ታስገቢልናለሽ። አያትሽንም ሰላም በይልኝ፤ እንዲህ ያለ ፈተና እኔም አላሰብኩልሽም ነበር።»

ስልኩን ዘግታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ እንደ ሕፃን አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ትንሽ ቆይቼ፣

«ሰኞ በስንት ሰዓት ነው የምትሄጂው?» አልኳት።

«ሁለት ሰዓት ተኩል እዚያ መድረስ አለብኝ።»

«በዚያ ሰዓት እኮ መገናኛ ላይ ለታክሲ ሰው ሰውን ይረግጣል። አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ብትወጪ…»

«እማማ፣ ገና አርብ ነው!»