ዶሮውን ለማየት

እናቴን ማርቡርግ የምትባለውን ከተማ ማስጠናት ከጀመርኩ አሥራ አንደኛ ቀኔ ነበር። ትዕግሥቴ ያለቀውም ያን ቀን ነው።

«ሁለተኛ ቀን?» አልኳት።

«ኮረብታው ላይ ያለውን ግንብ አያለሁ።»

«ሦስተኛ ቀን?»

«ለሰላም ገንፎ አገነፋለሁ።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። እህቴ ሰላም እዚያች ትንሽ የጀርመን ከተማ ዩኒቨርሲቲ ልትማር ሄዳ፣ አግብታ ቀርታለች። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ሁለት ወር ቀርቷታል፤ ከባሏ በቀር ደግሞ ሰው የላትም። እማዬ የምትሄደው ልጇን ልታርስ ነው። ይህ ግን የቪዛ ቃለ መጠይቁ ላይ ጭራሽ እንዳይነሳ ተብሏል።

ያለው አሌክስ ነው፤ ልደታ ኮንዶሚኒየም ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖር የቪዛ ሊቅ። «ልጄ ልትወልድ ነው ካለች፣ ሞግዚት ሆና ልትቀር ነው ይሏታል። ቱሪስት ነኝ ትበል። ስሚኝ ናዝሬት፣ እኔ ስንቱን ልኬያለሁ!» አለኝ። እሱ ራሱ ሁለቴ ተከልክሏል። እኔ ሞኟ ግን ሰማሁት። ሰላም የጥሪ ደብዳቤ ልላክ ስትለኝ እንኳን «አርፈሽ ተቀመጪ» ያልኳት እኔው ነኝ።

ከሥራ እየሾለክሁ ሜክሲኮ አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ፣ ከኢንተርኔት የሰባት ቀን ፕሮግራም ለቃቀምኩ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው ነው፤ እኔ ከቢሾፍቱ አልፌ አላውቅም። ግንቡን፣ ባለ ሁለት ማማውን ቤተ ክርስቲያን፣ ወንዙ ላይ በጀልባ መቅዘፉን፣ ማዘጋጃ ቤቱ ሰዓት ላይ ሆኖ በየሰዓቱ ክንፉን የሚያራግበውን ዶሮ ጻፍኩ።

«ዶሮ እዚህ ጠፍቶ ነው?» አለች እማዬ።

በጎን ደግሞ ቦርሳዋን በገብስ ዱቄትና በአጥሚት እህል ትሞላለች። እኔ አወጣለሁ፣ እሷ ትመልሳለች። «ቱሪስት የገንፎ ዱቄት ተሸክሞ አይሄድም!» ብዬ ጮኽኩባት። ከጮኽኩ በኋላ አፈርኩ፤ ግን ይቅርታ አልጠየቅኋትም።

የቃለ መጠይቁ ቀን ውጭ ቆሜ ጠበቅኋት። ስትወጣ ፊቷ ጠቁሯል። ታክሲ ውስጥ ገባን።

«ሰባቱንም ቀን ሳልሳሳት አልኩላቸው» አለች። «ከዚያ አስተርጓሚዋ ‹ጀርመን ልጅ ወይም ዘመድ አለዎት?› አለችኝ። የለኝም አልኩ። ልጄን ካድኳት፣ ናዝሬት።»

«በቃ? ሌላ አልጠየቁሽም?»

«‹ስንት ትልልቅ ከተማ እያለ ለምን ይቺን ትንሿን መረጡ?› አሉኝ።»

ይህን አላስጠናኋትም። እውነተኛው መልስ ሰላም ብቻ ነበረች፤ እሷን ደግሞ እንዳታነሳ ከልክያታለሁ።

«ታዲያ ምን አልሽ?»

«‹ዶሮውን ለማየት› አልኩ።»

ሳቄና ንዴቴ አንድ ላይ መጡብኝ። ታክሲው ውስጥ ሰው ባይኖር አለቅስ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መልሱ መጣ፤ የጉዞው ምክንያት አሳማኝ ሆኖ አልተገኘም ይላል። አሌክስ በሩ ላይ ቆሞ «ዶሮውን ባትጠራ ኖሮ እኮ…» ሲል በሩን ፊቱ ላይ ዘጋሁበት። ኮፒ ያስቀረሁትን ቅጽ አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። «ቤተሰብ ለመጠየቅ» የሚል ሳጥን ነበረው። ባዶውን አልፌዋለሁ። ራሴን በጥፊ ብመታው ደስ ይለኝ ነበር።

ሰላም ሴት ልጅ ወለደች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን በቪዲዮ ደወለች። ከኋላዋ የድንጋይ ንጣፍና የቆየ ሕንፃ ይታያል፤ ልጇን ደረቷ ላይ በማዘያ አቅፋታለች፣ የሚታየው ግን ኮፍያዋ ብቻ ነው።

«በአራስነትሽ ከቤት ወጣሽ?» አለች እማዬ ደንግጣ።

«ባሌ ሥራ ገብቷል፤ ዳቦ ማን ይግዛልኝ፣ እማዬ?» አለች ሰላም። ደክሟታል። ቢሆንም እናቷን ልታስደስት ፈልጋ ስልኩን ወደ ላይ አነሳችው። «ደረስሽ! አሁን ስድስት ሰዓት ሊሞላ ነው፣ እይው!»

ማዘጋጃ ቤቱ ሰዓት ላይ ዶሮው ክንፉን አራገበ። እማዬ የገብስ ዱቄቱ ቦርሳ እግሯ ሥር እንዳለ፣ ስልኩን በሁለት እጇ ጠበቅ አድርጋ ያዘችው።

«ዶሮውን ተይውና ልጅቷን አሳዪኝ» አለች።