ሙት ወቃሽ

«ስፌቱን ብታዩት እኮ!» አለ ሰው ሁሉ ቆርቆሮው የሚለው የሟች ጓደኛ፣ የሻይ ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ። «መስመሩ ዝንፍ አይልም። ይህን ሁሉ ዘመን የመኪና አካል ስቀጠቅጥ እንደዚያ ያማረ ወንበር አላየሁም። ደግሞ ሥራው አይደለም እኮ! መኪና መንዳት የሚያስተምር ሰው መርፌ ከየት ለመደ? እጁ ነዋ፤ እጁ ላይ አንድ ነገር ነበረበት።»

«ከልጅነቱም እጁ የተባረከ ነው» አለች የሟች ታላቅ እህት፣ አፍንጫዋን በመሐረብ እየጠረገች። «ምኑን ተናግሬ ምኑን ልተው።»

ለቀስተኛው ራሱን ነቀነቀ። ሳሎኑ ሞልቶ ሰው በረንዳው ላይ ተርፏል። ሟች ግማሹን ከተማ መንዳት ያስተማረ ሰው ነበር። ተማሪ በተሳሳተ ቁጥር «ፍሬን!» ብሎ ስለሚጮህ እናትና አባቱ ያወጡለት ስም ተረስቶ «ጋሼ ፍሬን» ሆኖ ቀርቷል። ዛሬ ፊታቸውን አጥቁረው የተቀመጡት አብዛኞቹ አንድ ጊዜ ከጎኑ ተቀምጠው በላብ የተጠመቁ ናቸው።

ሚስቱ ግድግዳውን ተደግፋ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ቆርቆሮው ስለ ስፌቱ ባወራ ቁጥር ዓይኗን ጨፍና ትገልጣለች። ትሪ ይዛ በር ላይ የቆመችው ልጇ በዓይኗ «ንገሪያቸው እንጂ» አለቻት። እናትየው ራሷን በትንሹ ወዘወዘች። ለቅሶ ነው፤ ጊዜው አይደለም። ደግሞም ቆርቆሮው ክፋት የለበትም። ሟችን እንደ ወንድሙ ይወደው ነበር፤ የነገሩትን አምኖ ነው የሚያወራው።

ከዓመታት በፊት ባሏ የገዛት መኪና በገመድ ተጎትታ ግቢ የገባች ቀን ሚስትየው እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሳቀች። ክብ ፊት ያላት፣ አንድ ዓይኗ የጠፋ አሮጌ ጥቁር መኪና ነበረች። «በዚህ ቤት አሁን ሁለት መኪና አለ» አለች ለጎረቤት፤ «የኔ የስፌት መኪና እንጀራ ያበላል፣ የእሱ መኪና ዝገት ይበላዋል።» ከዚያ በኋላ ስሟን ጣውንቴ አለቻት።

ሞተሯን እሱና ቆርቆሮው አንድ ክረምት ሙሉ ታግለው አስነሡት። ውስጧን ግን ማን ይንካው? አይጥ ልጆቿን ያሳደገችበት ነው። የወንበሮቹ ሞላ ቆዳውን ቀዶ ወጥቷል፤ ስፖንጁ እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል፤ የጣሪያው ጨርቅ ተንጠልጥሎ የገባውን ሁሉ ፊቱን ይዳብሳል።

«አንዱን ወንበር ብቻ ሞክሪልኝ» አላት። «እምቢ ካለ እንተወዋለን።»

የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋ የነበረበት ጊዜ ነው። የደንበኞቿን ሥራ ስታበቃ ጋራዥ ገብታ አሮጌውን ቆዳ በምላጭ ስፌት በስፌት ፈታችው፤ ቁራጩን ሁሉ ጋዜጣ ላይ ዘርግታ ቅርጹን ወሰደች። ቆዳ ጨርቅ እንዳልሆነ የገባት መርፌ እየሰበረች ነው። ጨርቅ ላይ ቢሳሳቱ ይፈቱታል፤ ቆዳ ግን አንዴ ከተበሳ ተበሳ፣ ቀዳዳው አይዘጋም። ስለዚህ ጋራዥ ያስገባቻትን የስፌት መኪናዋን ፔዳል ትታ መዘውሩን በእጇ እያዞረች አንድ በአንድ ትወጋው ጀመር። እሱ ማዶ ቆሞ የቆዳውን ክብደት ይይዝላታል። «ሳብ» ስትለው ይስባል፣ «ልቀቅ» ስትለው ይለቃል። «ፍሬን!» ስትለው ደግሞ ሁለቱም ይሥቃሉ።

የኋላው ወንበር አልቆ የገባ ዕለት ጎማ በሌላት መኪና ውስጥ አስቀመጣትና ከፊት ሆኖ ዞሮ፣ «እመቤቴ፣ ወዴት ላድርስዎት?» አላት።

«የምትነዳው አንተ ከሆንክ በእግሬ እሄዳለሁ።»

እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ለዓመታት እንዲያ ሠሩ። ከኋለኛው ወንበር ቀጥሎ የጣሪያው ጨርቅ፣ ከዚያ የበሮቹ ገበር፣ ከዚያ የፊተኛው የተሳፋሪ ወንበር። ከዕድሜሽ ሁሉ መርጠሽ ተመለሺበት ብትባል ወደዚያ ጋራዥ ትመለስ ነበር። ይህን ለማንም ተናግራው አታውቅም።

በለቅሶው ማግስት አንዲት ወጣት ሴት መጥታ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተንበረከከች። የመጨረሻዋ ተማሪው ናት። ስትነዳ ነው ከጎኗ ያረፈው።

«እትዬ፣ ‹ፍሬን› አሉኝ፤ ያዝኩ» አለች። «ከዚያ ዝም አሉ። የተቆጡኝ መሰለኝ። ዞሬ ላያቸው ፈርቼ መንገድ መንገዱን እያየሁ ይቅርታ ጋሼ፣ ይቅርታ ጋሼ እላለሁ። ለካ…»

«አይዞሽ የኔ ልጅ። ጥፋትሽ አይደለም።»

ልጅቷን እያባበለች የራሷን ነገር አሰበች። እሷም ከእሱ ዝምታ ጎን ተቀምጣ፣ ዞራ ሳታየው፣ መንገድ መንገዱን እያየች የኖረችው ትንሽ ጊዜ አይደለም።

በእሷና በባሏ መካከል ነገሩ የተበላሸው በአሮጌ መኪኖች ትርኢት ላይ ነው። ሰፊ ሜዳ ላይ መኪኖቹ ተወልውለው ተደርድረዋል። ሰው እየመጣ የእነሱን በር ከፍቶ ወንበሮቹን ይዳብሳል። የሹፌሩ ወንበር ብቻ ገና ስላልተሰፋ ብርድ ልብስ ጣል ተደርጎበታል። ድምፅ ማጉያ የያዘ ሰው መጣና፣ «ውስጧን የሠራልህ ባለሙያ ማነው?» ብሎ ባሏን ጠየቀው።

«ባለሙያ የለም። እኔው ነኝ» አለና ሁለት እጁን ዘርግቶ ለሕዝቡ አሳየ። ተጨበጨበለት።

«እመቤትስ?»

«እሷ ሻይ በማቅረብ ረድታኛለች!»

ሜዳው ሳቀ። እሷ በወዲያኛው በር በኩል የመስታወት መወልወያ ጨርቅ ይዛ ቆማ ነበር።

ወደ ቤት ሲመለሱ ፊቷን አይቶ፣ «ምን ልበል ታዲያ?» አለ። «ሚስቴ ሰፋችልኝ ብል እነዚያ ወንዶች ዕድሜ ልኬን መሳቂያ ያደርጉኛል። ደግሞ እኔና አንቺ አንድ አይደለን?»

«አንድ ከሆንን ‹እሷ ናት› ብትል ምን ይጎድልህ ነበር?»

ማርሽ ቀየረ።

«የሹፌሩን ወንበር በራስህ እጅ ስፋው» አለችው ከመኪናዋ ስትወርድ። የስፌት መኪናዋን ከጋራዥ አስወጥታ መኝታ ቤት አስገባች። እሱም መጀመሪያ ለመነ፣ ቀጥሎ አኮረፈ፣ በመጨረሻም ዝም አለ። ከዚያ በኋላ በመካከላቸው የተረፈው «በሩን ቆለፍሽ?»ና «ጨው አልቋል» ነው። እሱ ከሥራ ሲመለስ ጋራዥ ገብቶ በሩን ከውስጥ ይዘጋል። ምን እንደሚሠራ አልጠየቀችም፤ ለመጠየቅ ኩራቷ አልፈቀደላትም።

ለቀስተኛው እየበዛ ሲሄድ መቀመጫ ጠፋ። የጎረቤት ወንበር ሁሉ ተሰብስቦም ሽማግሌዎች ቆመው ቀሩ። ያን ጊዜ ነው ቆርቆሮው ብድግ ያለው። «ወንበሮቹን ከመኪናዋ እናውጣቸዋ! ሥራው ላይ ተቀምጠን ብናለቅሰው ነፍሱ ደስ ይላታል።»

ማንም እሷን አልጠየቃትም። ብሎን ፈቱና ተሸክመው አመጡ። የኋለኛው ረጅም ወንበር ሦስት ሽማግሌ ያዘ። የተሳፋሪው ተከተለ። ሰዎች ከመቀመጣቸው በፊት ስፌቱን በጣታቸው እየተከተሉ ተደነቁ። ሦስተኛው ሲገባ ሚስትየው ከፍራሿ ቀና አለች። የሹፌሩ ወንበር ነው። ራቁቱን መስሏት ነበር፤ ለብሷል። ግን አለባበስ አይበሉት! ቆዳው ተኮማትሯል፣ ስፌቱ እንደ ሰካራም መንገድ ይወላገዳል፣ ትራሱ ወደ አንድ ወገን ዘሟል።

«ይሄኛውን ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ ነው እንዴ የሰፋው?» አለ አንድ ጎረቤት። እዚህም እዚያም አፍ በእጅ ተሸፈነ።

«ተው፣ ተው» አለ ቆርቆሮው። ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ጸጥታው ግን ቃሉን ሁሉ አሰማ። «ይሄ የሚስቱ ሥራ ነው። ሟች ነግሮኛል። ‹ልሞክረው ብላ ለመነችኝ፣ ተበላሸባት፣ ልቧ እንዳይሰበር ብዬ እንዳለ ተውኩት› አለኝ። እንዲህ ያለ ባል ነው ያጣችው!»

«አይ ፍቅር!» አለች አንዲት ሴት እንባዋን እየጠረገች።

ሚስትየው ግድግዳውን ይዛ ተነሣች። «እነዚያን የሰፋሁት እኔ ነኝ» አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «ወንበሮቹን፣ ጣሪያውን፣ የበሮቹን ገበር፣ ሁሉንም። ይሄን ጠማማውን የሰፋው እሱ ነው።»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ አንድ ሰው፣ «ውሃ ስጧት» አለ።

«እውነቷን ነው!» ብላ ጮኸች ልጇ። «በዓይኔ አይቻለሁ!»

«አንቺ ዝም በይ!» አለች አክስቷ። «አባትሽ ነው!»

ቆርቆሮው መጥቶ የሚስትየውን ክንድ ያዘ። «እሺ እህቴ። አንቺ ነሽ የሰፋሽው፣ እሺ? ሁሉንም አንቺ ነሽ» አላት፣ ከእንቅልፉ ባንኖ የሚያለቅስ ሕፃን በሚያባብሉበት ድምፅ። አስቀመጣት። ውሃው መጣ። ጠጣች። ሌላ ምን ታደርጋለች?

የባሏ እህት ወጥ ቤት ድረስ ተከትላት ገብታ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው። «ሙት ወቃሽ! አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ?»

«እውነት ነው የተናገርኩት፣ እታለም።»

«አውቃለሁ» አለች እህትየው።

ሚስትየው የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች።

«የማላውቅ መሰለሽ? ያሳደግኩት እኔ ነኝ። የሸሚዙን ቁልፍ መትከል የማይችል ልጅ ነበር። ግን ሞተ። ለሞተ ሰው ከስሙ ሌላ ምን ትሰጪዋለሽ? አንቺ አለሽ፣ ነገም ትሰፊያለሽ። እሱ ምን አለው?»

«የኔን ነዋ የሰጣችሁት!» አለች ሚስትየው። «ስሙ የተሠራው ከኔ እጅ ነው፤ ያውም ጠማማውን ለኔ ትቶ።»

እህትየው አንገቷን ደፍታ የሻይ ፔርሙዙን አንሥታ ወጣች።

ሰው እየሳሳ ሄደ። ወንበሮቹ በረንዳ ላይ ወጡ። አንድ ረፋድ ላይ ሚስትየው ብቻዋን ጠማማው ወንበር ፊት ቁጢጥ አለች። ስፌቱን እንደ ባለሙያ አየችው። በስፌት መኪና አልተሰፋም፤ በእጅ ነው። አንዱን ስፌት ሰፍቶ፣ ፈትቶ፣ እንደገና ሰፍቶታል፤ የድሮዎቹ ቀዳዳዎች አጠገብ ለአጠገብ አፋቸውን ከፍተው ቀርተዋል። በጠርዙ ላይ ትንንሽ ጥቁር ነጥብ አለ፤ ጣቱ የደማበት ነው። ክሩ ደግሞ የቆዳ ክር አይደለም። የእሷ ሰማያዊ የዩኒፎርም ክር ነው፤ ከቅርጫቷ የወሰደው።

ለምን? ለሜዳው ሕዝብ የዋሸውን እውነት ሊያደርገው? ወይስ አንድ ቀን በሩን ከፍቶ «ነይ እይ፣ አልቻልኩም» ሊላት? መልሱን ይዞት ሄዷል። ይቅርታ ነው እንዳትል፣ ያንኑ ወንበር በእሷ አመካኝቶ ለጓደኛው አውርቷል። «ቢጠይቀኝ እኮ» አለች ድምፅ አውጥታ፤ «አንዴ ቢጠይቀኝ አሳየው ነበር።» ያለቀሰችው ያን ጊዜ ነው፤ ከተቀበረ ወዲህ እንዲያ አላለቀሰችም ነበር። ንዴቱም እንባውም በአንድ በር ወጣ።

ፊቷን ሳታብስ ቆርቆሮውና እህትየው መጡ። ቆርቆሮው ሲያቅማማ ቆይቶ፣ «መኪናዋን ለዘንድሮው ትርኢት ለመታሰቢያው ልናቀርባት አስበናል» አለ። «ስሙን ፊቷ ላይ እንጽፋለን። ታዲያ ይሄን ወንበር… እንዳይከፋሽ፣ የማውቀው ጥሩ ባለሙያ አለ። ፈትቶ ከሌሎቹ ጋር ያመሳስለዋል። የሟች ሥራ እንዳይበላሽበት።»

እህትየው መሬት መሬቱን ታያለች።

«አይፈታም» አለች ሚስትየው።

«ኧረ ሰው ይስቅብሻል እህቴ!»

«የኔ ነው አላልክም? ሰው ሁሉ ፊት የኔ ነው ብለሃል። የኔ ከሆነ አይፈታም። የሚስቅ ይሳቅ።»

እህትየው ቀና ብላ አየቻት። ቆርቆሮው ትከሻውን ነቀነቀና፣ «እንዳልሽ» ብሎ ወንበሮቹን ወደ መኪናዋ ይመልስ ጀመር።

የሹፌሩን ሊያነሣ ሲመለስ ሚስትየው በእጇ አስቆመችው። ወንበሩን ወደ ፊት ደፋችው። ከታች፣ ማንም በማያየው በኩል፣ ባሏ ሳይጨርሰው የተወው ስፌት ክሩ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ተንበረከከች። አላረመችውም፣ አንድ ስፌት እንኳ አልጨመረችበትም። ክሩን ጣቷ ላይ ጠምጥማ እሱ ያቆመበት ቦታ ላይ ቋጠረችው፣ ደግማ ቋጠረችው፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ ትርፉን በጥርሷ በጠሰችው።

«ውሰደው» አለችው።