የታሰረው ማቋረጫ

የሺወርቅ ማቋረጫውን ያሰረችው የፍልሰታ ጾም በገባበት ዕለት ማለዳ፥ በራሷ እጅ ነበር።

በነቀምቴ ከመናኸሪያው በላይ ባለው ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ፥ ከምድጃዎቹ በላይ ሰፊ የብረት ጭስ መሳቢያ ተተክሏል። በሆዱ ውስጥ ቅባት የሚያቃጥሉ አራት ሰማያዊ መብራቶች አሉ፤ ብርሃናቸው ዐይንና ቆዳ ስለሚጎዳ በብረት ማጣሪያዎች ተጋርደዋል። ማጣሪያው ከቦታው ሲነሣ አንድ ትንሽ ማቋረጫ ይለቀቅና መብራቱንም የመሳቢያውንም ሞተር በአንድነት ያቆማል። መብራቶቹን የገጠመው የሆቴሉ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ዋጋሪ ይህን ለሁሉም አስረድቷል፤ ለወጥ ቤቱ አለቃ ለየሺወርቅ ግን ለብቻዋ ደግሞላታል።

«አዴ የሺወርቅ፥ ማጣሪያውን ሲያወጡ መጀመሪያ እሳቱን ያጥፉ።»

«እሳቱን አጥፍቼ ቁርሱን በምን ላብስለው? በአንተ ጸሎት?»

«የእኔ ጸሎት ሽሮ አያበስልም። እርስዎ ብቻ ትንሽ ይታገሡ።»

«ረቡዕንም ዓርብንም በጥብስ የምታሳልፍ ሰው፥ የሥጋ ጠብታ በጾም ድስት ላይ ምን እንደሚያደርግ ከወዴት ታውቃለህ?»

ዋጋሪ ይህን ጾም የማይጾም የወንጌላውያን ምእመን ነበርና ሳቀ። ሁልጊዜ በዚህ ይቀላለዱ ነበር።

ጠብታው ግን ለእርሷ ቀልድ አልነበረም። የሺወርቅ ከጎጃም መጥተው በነቀምቴ የሰፈሩ ሰዎች ልጅ ናት፤ በቅበላው ሰሞን የተጠራቀመ የሥጋ ቅባት ወደ ጾመኞች ወጥ ቢወርድ ኀጢአቱ በእርሷ ራስ ላይ እንደሚሆን ታምናለች። ስለዚህ ማጣሪያዎቹን አውጥታ በሙቅ ውሃ ዘፈዘፈቻቸው። ሞተሩ ቆመ፤ የሽንኩርቱ ጭስ ወጥ ቤቱን ሞላ፤ ከአዳራሹ ሳል ተሰማ። እሳቱን ማጥፋት ነበረባት። እርሷ ግን ናስትሮ አምጥታ ማቋረጫውን እንደ ተጫነ ጠቅልላ አሰረችው። ሞተሩ ተነሣ፤ መብራቱም አብሮ በራ። በበርጩማ ላይ ቆማ፥ ፊቷን ወደ ላይ አቅንታ፥ የመሳቢያውን ሆድ አንድ ሰዓት ሙሉ ፈገፈገች። ንጽሕናን መሻቷ መልካም ነበረ፤ ማስጠንቀቂያን መናቋ ግን ትዕቢት ነበረ።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ዐይኖቿ አሸዋ የተሞሉ ያህል ቆረቈሯት፤ ፊቷ ቀልቶ አበጠ፤ ከዚያም ዐይኗን መግለጥ አቃታት። ታናሽ ወንድሟ ቂርቆስ፥ በእንጨት መሰንጠቂያ የሚሠራ፥ ትከሻው ሰፊ ቍጣውም ቅርብ የሆነ ሰው፥ በባጃጅ ወደ ሐኪም ወሰዳት። ዐይኖቿ ታሸጉ። ሐኪሙ የመብራቱ ብርሃን እንዳቃጠላቸው ተናግሮ በሦስት ቀን ትድናለች ቢልም ቂርቆስ አላመነውም።

«ያን መብራት ማን ነው የሠራው?»

«ዋጋሪ» አለች። ቃሉ እውነት ነበር፤ መልሱ ግን ሐሰት ነበር። ጥፋቷ ከታወቀ ከሥራዋ እንደምትባረር ፈርታለች።

በማግስቱ ቂርቆስ ዋጋሪን ሊጋፈጥ እጇን ይዞ ወደ ወጥ ቤቱ አስገባት። ዋጋሪ መሰላል ላይ ቆሞ ናስትሮውን በካቻቢቴ ጫፍ እየላጠ ነበር።

«እሷን አሳውረህ ማስረጃውን ትልጣለህ?»

«ኦቦ ቂርቆስ፥ ቆይ። ይህን እኔ አላሰርኩትም።»

መሰላሉ ተገፋ። የሺወርቅ ሰውና ብረት በአንድነት በሲሚንቶው ላይ ሲወድቁ ሰማች። ቂርቆስ ከጠረጴዛው ላይ የብረት ዘነዘናውን አነሣ፤ የመጀመሪያው ምት በዋጋሪ ትከሻ ላይ ዐረፈ።

«እሷ ናት ያሰረችው፤ በዐይኔ አይቻለሁ» አለች አስተናጋጇ ሐዊ።

«በታወረች ሴት ላይ ደግሞ ትዋሻላችሁ?»

«አዴ የሺወርቅ፥ ይንገሩት» አለ ዋጋሪ ከመሬት።

ዝም አለች። ሁለተኛው ምት ጎድኑን ሰበረው። ዋጋሪ «አዮ፥ አዮ» እያለ በኦሮምኛ እናቱን ጠራ፤ ከዚያም ትንፋሹ እየተቈራረጠ «ንገሪው» አላት። አፏ ተከፈተ፤ ነገር ግን የምትናገረው በሐዊ ፊት፥ በወንድሟም ፊት፥ ሐሰተኛ መሆኗን ነበርና ቃሉን ዋጠችው። ሐዊ ቂርቆስን ከኋላ ያዘችው፤ በክርኑ አፍንጫዋን መትቶ ጣላት። ሦስተኛው ምት ዋጋሪ ራሱን በጋረደበት ቀኝ እጅ ላይ ወረደ። እጁ በሲሚንቶውና በብረቱ መካከል ደቀቀ።

የሺወርቅ የተናገረችው በዚያ ጩኸት ላይ ነው። «እኔ ነኝ ያሰርኩት። ተው፤ እኔ ነኝ።»

ቂርቆስ ዘነዘናውን እንደ ያዘ ቆመ። ከዚያም በግራ እጁ በታሸጉት ዐይኖቿ ላይ በጥፊ መታት፤ ከግድግዳው ጋር ተጋጨች።

«ታዲያ ምን ስትጠብቂ ነበር?» አለ። ድምፁ የለማኝ ድምፅ ሆኖ ነበር። «ምን ስትጠብቂ ነበር፥ እትዬ?»

በሦስተኛው ቀን ማሸጊያው ተፈታ፤ የሺወርቅም እንደ ቀድሞው አየች። ቂርቆስ ታስሯል። ሐኪሞች የዋጋሪ ሦስት ጣቶች ዳግመኛ እንደማይታጠፉ ነገሩት።

ዋጋሪ በነቀምቴ አቅራቢያ ወዳለችው ዲጋ፥ ወደ ወላጆቹ ቤት ሄዶ ነበርና ተከትላው ሄደች፤ በተኛበት ክፍል ደጃፍም ተንበረከከች።

«ይቅር በለኝ።»

«ስለ ናስትሮው ይቅር ብያለሁ። እኔም ሥራ ሲበዛብኝ ያሰርኩት ብዙ ነገር አለ።» እንደ ወትሮው በአክብሮት «አዴ» አላላትም። «ስጠራሽ ግን ሰምተሽኛል?»

«ሰምቼሃለሁ።»

«ከመጀመሪያው?»

«ከመጀመሪያው።»

ዋጋሪ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «እንግዲያው ይህን ለፖሊስ ንገሪ። የእጄ ነገር በወንድምሽ ላይ ብቻ አይውደቅ።»

በዚያው ቀን ወደ ነቀምቴ ተመልሳ ጣቢያ ገባች። መርማሪው እንባዋን አይቶ ራራላትና ቃሏን እንዲህ ብሎ ጻፈ፤ «ድብደባው እንደ ተጀመረ እውነቱን ተናግሬ ለማስቆም ሞክሬአለሁ።» ወረቀቱንም አዞረላት።

አነበበችው። «ይህ ይሰረዝ» አለች።

«እንዲህ ቢሆን ለእርስዎ ይበጃል፥ እትዬ።»

«ይሰረዝ። እጁ እስኪሰበር ድረስ እየሰማሁ ዝም ብያለሁ ብለህ ጻፍ።»

መርማሪው ሰረዘና ያለችውን ጻፈ። ፈረመች። የእርሷም ጉዳይ እስኪወሰን በአግዳሚው ላይ እንድትቀመጥና እንድትጠብቅ ነገራት፤ ተቀመጠች።