ዘይድ አይቶ ያለፈው ስህተት

ዘይድ ሚስቱን ሱሪያን ያወቃት ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ እያሉ ነው። በትምህርት ይቀድማት ስለነበር የላብራቶሪ ሪፖርቷን እያነበበ ያርምላት ነበር። ተጋብተው ጅቡቲ ከገቡም በኋላ ልማዱ አልቀረም። እሱ ካርቲየ 5 በሚባለው ሰፈር ካለው ቤታቸው አቅራቢያ ፊዚክስ ያስተምራል፤ እሷ የውሃ ላብራቶሪ ትሠራለች። የጻፈችውን ሁሉ ከማንም በፊት የሚያየው እሱ ነው። «ይሄ አያስፈልግም፣ አውጪው» ይላታል፤ ታወጣዋለች።

አምና ሱሪያ የሴት ሳይንቲስቶች ማኅበር አባል ሆነች። ማኅበሩ ለጀማሪዎች ልምድ ያላት ሴት መድቦ ያግዛቸዋል። ለሱሪያ የደረሷት ዶክተር ዘነቡ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በከርሰ ምድር ውሃ ጥናት ያሳለፉ ኢትዮጵያዊት።

መጀመሪያ ዘይድም ደስ ብሎት ነበር። ኋላ ግን የስልኩ ወሬ በዛ። ከዙሁር ሶላት በኋላ፣ ሙቀቱ ሰዉን ሁሉ ቤት ሲከተው፣ ሱሪያ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ትዘጋለች። ሳቋ እሱ ያለበት ድረስ ይሰማል።

«ምንድነው እንዲህ የሚያስቃችሁ?»

«ስለ ናሙና እያወራን ነው።»

«ናሙና ያስቃል እንዴ?»

«ዶክተር ሲያወሩት ያስቃል።»

በወንድ ቢሆን ቅናቱ ወግ ነበረው። ስድሳ ባለፋቸው ሴትዮ ቀናሁ ብሎ ለማን ይነግራል? ዋጥ አደረገው። እሱ ያስወጣትን አንቀጽ ዶክተር «መልሺው፣ ዋናው ሐሳብሽ እሱ ነው» ብለዋት መልሳ ስትጽፈው ግን ምሳውን ሳይጨርስ ተነሳ።

ማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤውን ሄሮን ሰፈር በሚገኝ አዳራሽ ሲያዘጋጅ፣ ሱሪያ የባሕር ውሃ እየገባባቸው ስላሉ ጉድጓዶች ጥናት እንድታቀርብ ተመረጠች። ከጉባኤው ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ገላዋን ስትታጠብ ዘይድ ላፕቶፗን ከፈተ። ከምታቀርበው ጥናት አንዱ ሥዕል ላይ የሁለት ጉድጓዶች ስም ተለዋውጧል። ለባሕሩ የቀረበው ጉድጓድ ጨው የሌለው፣ የራቀው ደግሞ ጨዋማ ሆኖ ተቀምጧል። ጅቡቲን የሚያውቅ ሰው ገና ሲያየው ይስቅባታል።

ሊጠራት አፉን ከፈተና ተወው። «ዶክተር አይተውት የለ» አለ በልቡ። «ከሳቸው በኋላ የኔ ዓይን ምን ይሠራል?» ላፕቶፑን ዘጋው።

የጉባኤው ዕለት መኪናውን የሚነዳው እሱ ነበር። መንገዱ ተጨናንቋል። ሱሪያ ጥናቱን የምታቀርብበትን ፈረንሳይኛ በከንፈሯ ትለማመዳለች፤ አንዱን ዓረፍተ ነገር ደጋግማ ትጀምረዋለች። ይህን ሲሰማ አልቻለም።

«ሱሪያ፣ አንደኛው ሥዕል ላይ የጉድጓዶቹ ስም ተዘበራርቋል። አሁኑኑ አስተካክዪው።»

ቀና ብላ አየችው።

«ተስተካክሏል። ትናንት ከዶክተር ጋር ሆነን አገኘነው።» ከዚያ «አንተ መቼ አየኸው?» አለችው።

መዋሸት ይችል ነበር።

«የዛን ቀን… ስትታጠቢ።»

አዳራሹ በር ላይ ሲቆሙ ወርዳ ብቻዋን ገባች።

ዶክተር ዘነቡን ያን ቀን ነው በአካል ያያቸው። አንድ ጆሯቸው አይሰማም ነበርና «ልጄ፣ በዚህኛው በኩል ተቀመጥ» ብለው በደህናው ጆሯቸው በኩል አስቀመጡት። ሱሪያ ጥሩ አድርጋ አቀረበች። ከዚያ አንድ ሰው ከኋላ ተነስቶ ከባድ ጥያቄ ጠየቀ። ሱሪያ ደነገጠችና ዓይኗን ወደነሱ ወረወረች፤ ያየችው ግን ዘይድን ሳይሆን ሴትዮዋን ነበር። መልሱን ያውቀዋል። እጁን ሊያነሳ ሲል ዶክተር ክንዱን ያዝ አደረጉት።

«ተው፣ ታውቀዋለች።»

ሱሪያ ውሃ ተጎነጨች። ቀስ ብላ፣ በተሰባበረ ፈረንሳይኛ፣ መለሰች። ጠያቂው በመስማማት ራሱን ነቅንቆ ተቀመጠ፤ ዶክተር እንባ እንባ እያላቸው አጨበጨቡ።

ሲመለሱ መኪና ውስጥ መጀመሪያ የተናገረው እሱ ነው።

«ቀንቼ ነው።»

«በማን?»

«በዶክተር።»

አልሳቀችም። «እንድዋረድ ፈልገህ ነበር?»

«እንድትዋረጂ አይደለም፤ ተመልሰሽ እኔን እንድትጠይቂኝ ነው።»

«ሁለቱ ምን ለያቸው፣ ዘይድ?» አለችው።

ለወራት የጻፈችውን አላሳየችውም። እሱም ለመጠየቅ ድፍረት አጣ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሳቋን ሲሰማ ተነሳና የመኝታ ቤቱን በር አንኳኳ። ሱሪያ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ከፈተችለት።

«ዶክተርን ሰላም በይልኝ» አላት።

«ዘይድ ሰላም ይልዎታል» አለች ወደ ስልኩ። ጥቂት አዳመጠችና «እሳቸውም ሰላም ብለውሃል» አለችው፤ በሩንም ቀስ ብላ መለሰችው።

ሳቁ እንደገና ጀመረ። ዘይድ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የተማሪዎቹን ፈተና ማረም ቀጠለ። ቅናቱ አሁንም አልለቀቀውም፤ ላፕቶፗ ግን አጠገቡ ተከፍቶ ሳለ አልነካውም።