ዋስ የሌለው መርፌ

ብርጭቆውን የወረወሩት አያ ይርዳው ናቸው። ቴሌቪዥኑን ስቶ የራኩባውን ምሰሶ መታና ሻሂው ከፊት የተቀመጡት ሰዎች ትከሻ ላይ ተረጨ።

"ይስቃል!" አሉ አያ ይርዳው እንደቆሙ። "ሰውየው ሞቶ እሱ ይስቃል! አያችሁት?"

አይተነዋል። እሑድ ከምሳ በኋላ በድንበሯ ከተማ በኮኪት ሥራ ፈት የሆነ ሁሉ የሚገኘው የመጂዳ ራኩባ ውስጥ ነው። መጂዳ ጦርነቱ ሲጀመር ከሱዳን ተሻግራ የመጣች ሴት ናት። በዚያ የሣር ክዳን ጥላ ሥር ሻሂ ትሸጣለች፤ በሶላር የሚሠራ ቴሌቪዥንም አላት። የዚያ ኅዳር መነጋገሪያ ወደ አማርኛ የተመለሰ ተከታታይ ድራማ ነበር፤ ከመቶ ዓመት በፊት የቆላ ትኩሳት ከምን እንደሚመጣ ስለመረመሩ ሐኪሞች። ሰሊጡን ጨርሰው የማሽላ አጨዳ የሚጠብቁት የቀን ሠራተኞች የዋናውን ሐኪም ስም መያዝ ስላልቻሉ "ሪዛሙ" ይሉታል። እስከዚያ እሑድ ድረስ ይወዱት ነበር። ወንዝ በበቅሎ ሲሻገር አጨብጭበውለታል፤ ማይክሮስኮፑ ከጭነቱ ላይ ሲወድቅበት ራሳቸውን ይዘውለታል።

የዚያን ዕለት ሪዛሙ ሆዱ ያበጠ አንድ ጥቁር ሰው ምንጣፍ ላይ አስቀመጠና በግራ ጎኑ፣ ከጎድኑ ሥር መርፌ ሰካበት። ሰውየው ጮኸ። ደም ወጣ። ሪዛሙ ጠብታዋን መስታወት ላይ ቀብቶ ወደ ማይክሮስኮፑ አጎነበሰ። ከጀርባው፣ ምስሉ ብዥ ባለበት በኩል፣ ሁለት ሰዎች በሽተኛውን በእግሩ እየጎተቱ ያወጡታል። ሪዛሙ ቀና ሲል ዓይኑ እንባ ሞልቶ ፈገግ አለ። ሙዚቃው ከፍ አለ።

"ስሙን እንኳ አልጠሩት" አለ አንድ ሠራተኛ።

"ጠርተውታል እንጅ። ቁጥር ዘጠኝ ብለውታል" አለ ጀይሉ። ጀይሉ ትራክተር ነጂ ነው፤ ሰው ሲናደድ እሱ ይቀልዳል። "እናቱ ክርስትና ስታስነሳው ዘጠኝ ብላ ይሆናላ።"

"ያ ይርዳው! ኻላስ! በቃ!" ብላ ጮኸች መጂዳ። "ብርጭቆው የኔ ነው፤ የሪዛሙ አይደለም!"

እኔም ተናድጄ ነበር፤ የኔ ንዴት ግን ሌላ ነው። ገንዳ ውሃ ከተማ በሚገኝ የካላዛር ሕክምና ክፍል ጤና መኮንን ነኝ። ካላዛር በትንሽ ዝንብ ንክሻ የሚመጣ፣ ጣፊያን የሚያሳብጥና ሰውን ከውስጥ አመንምኖ የሚገድል በሽታ ነው፤ በዚህ ቆላ ዋልካው መሬት ሲሰነጠቅ ውጭ የሚያድሩትን የቀን ሠራተኞች ይይዛል። ያን ዕለት ኮኪት የመጣሁት ምንይችል ለሚባል በሽተኛ የሰኞን ቀጠሮ ላስታውስ ነበር። ምንይችል በዚያ ሙቀት ጋቢ ደርቦ ከፊት ተቀምጧል። የኔ ዓይን ያረፈው ግን መርፌው ላይ ነው። መርፌው ወፍራም ነበር። በሽተኛው አልተጋደመም። የሚይዘው ሰው የለም። መርፌው ውስጥ ቆየ። አንድም ነገር ትክክል አልነበረም፤ ይህ ሁሉ ሰው ደግሞ እውነት ነው ብሎ እያየው ነው።

"ውሸት ነው!" ብዬ ተነሣሁ። "እንዲህ አይደለም የሚደረገው! ሰውየው ተጋድሞ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ በቀጭን መርፌ ነው። ገብቶ ወዲያው ይወጣል። እኛ እንዲህ ወግተን አናውቅም!"

ሰው ሁሉ ከቴሌቪዥኑ ላይ ዓይኑን አንሥቶ እኔን አየኝ። ሙዚቃው ብቻ ቀጠለ።

አያ ይርዳው ቀስ ብለው ወደኔ ዞሩ። "እናንተ?" አሉ። "እናንተም ትወጋላችሁ?"

ምንይችል በጋቢው ውስጥ እጁን ወደ ግራ ጎኑ ሰደደ።

ሰኞ ጠዋት አልመጣም።

ለዚህ ልጅ ከመርፌው ሌላ መንገድ ቢኖር ኖሮ አልከራከርም ነበር። ምንይችል ከሁለት ዓመት በፊት በዚሁ በሽታ ታክሞ ድኗል። አሁን ሆዱ እንደገና አብጧል፤ ትኩሳቱ ተመልሷል። የጣት ደም ምርመራው አንዴ በታመመ ሰው ላይ ከዳነም በኋላ ለዓመታት "አለ" ማለቱን ስለማይተው ለእሱ አይጠቅምም። በሽታው በእርግጥ ማገርሸቱን የሚያሳየው ከጣፊያው የሚወሰደው ጠብታ ነው። መድኃኒቱ ደግሞ ልብና ጉበትን የሚፈትን ስለሆነ በግምት አይሰጥም። ዓርብ ዕለት ደሙን መርምሬ የመርጋት አቅሙ ለመርፌው እንደሚበቃ አረጋግጫለሁ። አንድ ሳምንት ብንዘገይ ግን ይበቃል ለማለት አልደፍርም።

እስከ ሦስት ሰዓት ጠብቄ ወደ ኮኪት የሚሄድ መኪና ያዝሁ።

ከመጂዳ ራኩባ ፊት ለፊት መንገዱ ዳር አገኘኋቸው። ምንይችል የሰሊጥ ከረጢት ላይ ተቀምጧል፤ እቃው በፌስታል ታስሮ አጠገቡ አለ። አያ ይርዳውና አምስት የአገሩ ልጆች ዙሪያውን ቆመው ወደ ጎንደር የሚያልፍ መኪና ይጠብቃሉ። ሁሉም ከሞጣ በኩል፣ ከአንድ አጥቢያ የመጡ ናቸው። የምንይችል እናት ልጇን አደራ የሰጠችው ለአያ ይርዳው እንደሆነ በኋላ ነው የሰማሁት።

"የት ልትወስዱት ነው?" አልሁ።

"አገሩ። ጠበል አለ፤ እናቱ አለች" አሉ አያ ይርዳው።

"መንገድ ላይ ይሞታል! ቢደርስም እዚያ ይህን በሽታ አይቶ የሚያውቅ ጤና ጣቢያ የለም። የምትገድሉት እናንተ ናችሁ!"

"እኛ? መርፌ የያዝነው እኛ ነን?" አሉ፤ ድምፃቸው ከኔ በለጠ። "ያም ሰውየ ሐኪም ነው ብሎ ነው የተቀመጠለት!"

"ድራማ ነው እኮ፣ አያ ይርዳው! ተዋናይ ነው! ሰውየው ተነሥቶ ቤቱ ሄዷል!"

"ድራማ መሆኑን አጥተነው ነው? ሞኝ አድርገሽ አትይን። ትናንት መርፌው አለ ያልሽው አንች ነሽ እንጅ ቴሌቪዥኑ አይደለም።"

የማውቀውን ተናገርሁ፤ የመርፌውን ቅጥነት፣ እንዴት እንደሚያዝ፣ ከዚያ በኋላ በሽተኛው በጀርባው ተንጋሎ እንደሚያድር፣ የደም ሥር ምቱ እንደሚቆጠር። በጥሞና ሰሙኝ። ያቋርጡኛል ብዬ ስጠብቅ አላቋረጡኝም፤ ይህ የበለጠ አናደደኝ።

"ሰው ሞቶበት አያውቅም በይኛ" አሉ ስጨርስ።

እንዲህ ብል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን እውነት አይደለም። "ከሺህ አንድ ሰው ውስጡ ሊደማ ይችላል" አልሁ።

"ያ አንዱ ስሙ ማነው?"

"ስሙማ… እሱ በጥናት የተገኘ ቁጥር ነው።"

"ቁጥር ዘጠኝ ነዋ!" አለ ጀይሉ። መንገዱ ዳር ትራክተሩን አቁሞ ሻሂ ይዞ ቀርቧል። ማንም አልሳቀም።

"ስሚኝ ልጄ" አሉ አያ ይርዳው። "በሬ ሲሸጥ ዋስ ይጠራል። ሌባ እንኳ ተይዞ ዋስ ይጠራል። ሰው በሰው እጅ ሲገባ 'ዋሱ ማነው?' ይባላል። ለዚያ ሰውየ ሪዛሙ የጠራው ዋስ አለ? የለም። ስለዚህ ሲሞት በእግሩ ጎተቱት። ስለ መርፌው አይደለም ብርጭቆ የሰበርሁ። አንችስ ለዚህ ልጅ ዋስሽ ማነው?"

"ሕክምና በዋስ አይሠራም!"

"ትራክተር ስረከብ እኔን ሁለት ዋስ አምጣ ብለውኛል" አለ ጀይሉ። "የሰው ጣፊያ ከጎማ አነሰ?"

"ዓርብ ምን ላይ ነው ያስፈረምሽው?" አሉ አያ ይርዳው። "ልጁ አንብቦልኛል። ጉዳት ቢደርስ አውቄ ገብቼበታለሁ ይላል። ይኸ እሱ ላንች ዋስ ሆነ ማለት አይደለም? ወጊው ነው ወይስ ተወጊው ነው ዋስ የሚጠራው?"

"እኔ አይደለሁም ያን ወረቀት ያዘጋጀሁት!" አልሁ። ከአፌ ሲወጣ ራሴው ጠላሁት።

"ዝም በሉ!"

ምንይችል ነው። ቆሟል። ጋቢው ወርዶ ሆዱ በሸሚዙ ሥር ወጥሮ ይታያል፤ እግሮቹ ግን የማሽላ አገዳ አክለዋል።

"ትናንት ያ ሰውየ አንድ ቃል ሳይናገር ሞተ ብላችሁ ብርጭቆ ሰበራችሁ" አለ። "እኔን ማን ጠየቀኝ? እሷ ሰኞ ና አለች፤ እሺ አልሁ። እናንተ ትሄዳለህ አላችሁ፤ እቃየን አሰራችሁ። አያ ይርዳው፣ አንቱ ትሄዳለህ ወይ ብለው ጠይቀውኛል?"

"እናትህ አደራ…"

"እናቴ የሰጠችዎ ሰው ነው፤ ጆንያ አይደለም!"

መጂዳ ከራኩባዋ ወጥታ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች። ምንይችል ወደኔ ዞረ።

"ያ አንዱ እኔ ብሆን እናቴን ማን ያረዳታል?"

"ምን?"

"መርዶውን። ማን ይነግራታል?" አለ። "አያ ይርዳው ናቸዋ የሚሄዱት። ደጇ ላይ ቁመው ሲያለቅሱ፣ 'አደራየን የት አደረስኸው?' ትላቸዋለች። ዕድሜ ልካቸውን። የወጉኝ ግን እሳቸው አይደሉም። የወጋኝ ያርዳ። በስልክ አይደለም፣ ሲስተር። በእግርሽ ሂደሽ፣ ደጇ ላይ ቁመሽ፣ 'በኔ እጅ ነው' ብለሽ። ይኸን ከተዋዋልሽኝ እተኛልሻለሁ።"

ስናደድ የመለካት ልማድ አለኝ። የተጠየቅሁትን ለመለካት ሞከርሁ። ከገንዳ ውሃ ሞጣ። መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፤ አንድ ሰሞን ይዘጋል። የማላውቃት ሴት፣ የማላውቀው ደጅ። የሞተባቸው ዘመዶች ጠመንጃ ያላቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ትምህርት ቤት ስለ መርፌው ሁሉን አስተምረውኛል፤ ስለዚህ ደጅ ግን ማንም ምንም አላለኝም። ይህን መጠየቅ ነውር ነው ብዬ አሰብሁ። ወዲያው ደግሞ ለማን ነው ነውሩ አልሁ፤ መልሱ 'ለኔ' መሆኑም ይበልጥ አናደደኝ።

"እሺ" አልሁ።

"እሺ ዋስ አይሆንም" አሉ አያ ይርዳው። "ሰው ይስማ።"

"ዋስ ነኝ!" ብዬ ጮኽሁ። በፍቅር አይደለም፤ ጉሮሮየ እስኪሰነጠቅ በንዴት ነው። "ይሰማችሁ! ከሞተ እናቱ ደጅ ሂጄ የማረዳ እኔ የዓለምወርቅ ነኝ! እርስዎም አያ ይርዳው፣ እኔ ስወጋ ክፍሉ ውስጥ ይቆማሉ። ኋላ ውጭ ነበርሁ፣ አላየሁም የሚባል ነገር የለም!"

"እቆማለሁ!" አሉ፤ እሳቸውም በንዴት።

ጀይሉ ሻሂውን አስቀምጦ የምንይችልን ፌስታል አነሣ። "በሉ ትራክተሩ ላይ አውጡት" አለ። "ዋስ አለው አሁን።"

ከሰዓት በኋላ ምንይችልን በጀርባው አስተኛሁት። የጣፊያውን ጠርዝ በጣቴ ተከትየ በእስክሪብቶ አሠመርሁ። አያ ይርዳው ከራስጌው ቁመው የልጁን ሁለት እጆች ያዙ። ጠበቅ አድርገው እንዲይዙ ተቆጣኋቸው።

"ምንይችል" አልሁ። "ልወጋህ ነው። ልውጋህ?"

ጣራውን እያየ፣ "ውጊ" አለ።

"ትንፋሽህን ያዝ።"

ገባ፤ ወጣ። አያ ይርዳው ሊጀመር ነው ብለው ዓይናቸውን በጨፈኑበት አልቋል። ጠብታዋን መስታወት ላይ ዘረጋሁና አደረቅኋት፤ ቀለም ውስጥ ነክሬ አጠብኋት። በየመሐሉ እየተመለስሁ የደም ሥር ምቱን ቆጠርሁ፤ ሆዱን ዳሰስሁ።

ፀሐይዋ ወደ ሱዳን በኩል ስታዘቀዝቅ ማይክሮስኮፑ ፊት ተቀመጥሁ። አያ ይርዳው ተከትለውኝ በሩ ላይ ቆሙ። ወደ መስታወቱ አላዩም፤ የሚያዩት ፊቴን ነው። ብዙ አልፈለግሁም። ሴሎቹ ውስጥ ታጭቀዋል፤ ትንንሽ፣ ክብ፣ ነጥብና ጭረት ያላቸው፣ የተማርኋቸው ዓይነት። ልክ ነበርሁ። ጉንጬ ሊነሣ ሲል ተሰማኝና ጥርሴን ነከስሁ።

"አገኘሽው?" አሉ አያ ይርዳው።

"አገኘሁት። በሽታው ተመልሷል። መድኃኒቱ ነገ ይጀመርለታል።"

"ታዲያ ፊትሽ ምነው? ለምን አትስቂም?"

"ልጁ ገና ተኝቷል። እስኪነጋ ካልደማ ነው የምስቀው።"

ቀና ብዬ አየኋቸው። መልሼ የምቆጣበት ነገር እየፈለግሁ ነበር፤ እሳቸው ግን ራሳቸውን እየነቀነቁ ነው።

"ይኸን ያ ሪዛም ቢያውቅ ኖሮ" አሉ፣ "የመጂዳን ብርጭቆ ባልሰበርሁ።"

ተነሣሁና ወደ ምንይችል ሄድሁ። እጁን ሳነሣ ነቃ።

"ስንት ሆነ?" አለ።

"ዝም በል፤ እየቆጠርሁ ነው" አልሁት።