የአናጢው ሻይ

የሰፈሩ ሰው «አባ ልኩ» የሚለው አናጢ በሁለት ነገር ይኮራል፤ በጥቁር ወንበሮቹና በሻዩ። የወንበሮቹ ጥቁረት ከቀለም ቆርቆሮ የወጣ አይደለም። ነጣ ያለውን እንጨት በወፍራም ሻይ ይቀባል፤ ሲደርቅ የዛገ ምስማር የከረመበትን ኮምጣጤ ይደርብበታል። እንጨቱ ዓይን እያየ ይጠቁራል። «የሻይ ምሬት ብረት ካገኘ አይለቅም፤ እግዜር ካላፋታቸው የሚያፋታቸው የለም» ይላል፣ ሰሚ ቢኖርም ባይኖርም።

ሻዩን የሚያፈላው ግን ለእንጨት ብቻ አይደለም። ሚስቱ የዳሌ መገጣጠሚያዋ አልቆ በምርኩዝ መሄድ ከጀመረች ሰንብታለች። ሐኪሟ ደሟ አንሷል ብላ የብረት ኪኒን አዘዘችና «ደሟ ከፍ ካላለ ቀዶ ሕክምና የለም» አለች። አባ ልኩ ኪኒን የማስዋጡን ሥራ ለማንም አልሰጠም። ጧትና ማታ መጋዙን ጥሎ፣ ወፍራም ሻይ በብርጭቆ ይዞ ከአልጋዋ ጎን ይቀመጣል።

«ዋጪውና በላዩ ፉት በይበት። ባዶ ውሃ ምን ይጠቅማል?»

ወሩ ሲያልቅ ተመረመረች፤ ደሟ ንቅንቅ አላለም። ሌላ ወር ተጨመረ፤ ያው። አባ ልኩ ቆሽቱ አረረ። «ጠመኔ ነው የሸጥክልን!» ብሎ መድኃኒት ቤት ድረስ ሄዶ ሰውዬውን ቁም ስቅሉን አሳየው። ሚስቱ ግን ሻይዋን ፉት ትላለች።

አንድ ጧት ኪኒኑ ከጣቷ አመለጠና ብርጭቆው ውስጥ ገባ።

«ግድ የለም፣ ከነሻዩ ትጠጪዋለሽ» ብሎ በማንኪያ ያማስል ጀመር። የኪኒኑ ልባስ ሟሟ። ሻዩ ደፈረሰ፣ ጠየመ፣ ከዚያ ጥቁር ቀለም መሰለ። አባ ልኩ ማማሰሉን አቆመ። ይህን ጥቁረት ያውቀዋል፤ የተቀመጠበት ወንበር ጥቁረት ነው።

«ወይ ጉዴ! ሆድሽ ውስጥ ወንበር ስቀባ ነው የከረምኩት!»

ብርጭቆውን እንደያዘ ሐኪሟ ዘንድ ሮጠ። ሐኪሟ ጥቁሩን ሻይ፣ ከዚያም የተረጨበትን ሸሚዙን አይታ ሳቋን ዋጠች።

«አባባ፣ ሻዩ ብረቱን ሆዷ ውስጥ አንቆ ይዞ አብሮት ይወጣል፤ ደሟ ጋ አይደርስም። ኪኒኑን ያዘዝኩላት ቀን ነግሬያችሁ የለ? በውሃ ትዋጠው፣ ሻዩ ሁለት ሰዓት ያህል ይቆይ ብዬ።»

ያን ቀን ምን ላይ እንደነበር ትዝ አለው። ጎንበስ ብሎ የጠረጴዛዋን መሳቢያ አገጣጠም እያየ «ይሄን የሠራ እጁ ይቆረጥ» ሲል ነበር። ሚስቱ ግን ከሐኪሟ ፊት ለፊት ነበር የተቀመጠችው።

እንደ ንፋስ ቤት ገባ። «አንቺ፣ ሰምተሽ ነበር?»

«ሰምቼ ነበር።»

«ታዲያ ምን ነክቶሽ ዝም አልሽ? መድኃኒት ቤት ያለውን ምስኪን ላንቀው ምንም አልቀረኝ!»

የምርኩዟን እጀታ እያሻሸች መለሰች፤ «ነገ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስል ከረምኩ። ከተጋባን ጀምሮ ከጎኔ ቁጭ ብለህ ታውቃለህ? ሻይ ስታመጣ ብቻ ነው። ውሃ ቢሆንማ አስቀምጠህልኝ ትሄድ ነበር።»

አባ ልኩ ዕድሜ ልኩን ለሰው ሁሉ መቀመጫ ሲሠራ ኖሮ፣ እሱ መቀመጥ አልቻለበትም። አፈረ፤ ከማፈሩም በላይ አዘነ።

በማግሥቱ ጧት ሁለት ብርጭቆ ውሃ ይዞ መጣ። እሷ ኪኒኗን ዋጠች። እሱም የራሱን ፉት አለና ፊቱን አጨማደደ።

«ኤጭ! ይሄን ደግሞ ሰው ይጠጣዋል?»

«በቃ ሂድ፣ ሥራ አለብህ» አለችው፣ ዓይኗን ወደ መስኮቱ መልሳ።

አባ ልኩ ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠጋ።

«የት እሄዳለሁ? ሻይ ሁለት ሰዓት ያህል ይቆይ ተብሏል። እየጠበቅኩ ነው።»