ሣልሱ ወይስ ኃምሱ

«ዴ ነው አልኩሽ እኮ!» አለ ሰብስቤ፣ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ አድርጎ። «ዓመት ሙሉ የሰማሁትን ዛሬ ልታስክጂኝ ነው?»

«ዲ ነው» አለች ተሻለች ለአራተኛ ጊዜ። «ሣልሱ ነው፣ ኃምሱ አይደለም። ጆሮህ ጤነኛ ነው፤ ልብህ ነው የጨመረበት።»

«ኢተፋ፣ አንተ ፍረድ።»

ኢተፋ ጊታሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ ክሮቹን ይቃኛል። ቀና እንኳ ሳይል፣ «እኔ ጊታር ነው የምመታው። ፊደል የቸገረው መሠረተ ትምህርት ጣቢያ ይሂድ» አለ።

ተሻለች ሳቋን ዋጥ አድርጋ ቴፑን ወደ ኋላ መለሰችና እንደገና ከፈተችው። ካሴቱ ብዙ ከመጫወቱ የተነሳ ክሩ ስለተለጠጠ፣ ዘፋኙ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ቃሉን ይጎትተዋል። ከጊታሩ ጩኸት በኋላ ያ ሻካራ ድምፅ መጣ፤ አዝማቹ ላይ ሲደርስ ሦስት ጊዜ ከፍ ብሎ ጮኸ። ተሻለች ዓይኖቿን ጨፍና አዳመጠች። ከስምንት ዓመት በላይ ለአራተኛና ለአምስተኛ ክፍል ልጆች እንግሊዝኛ አስተምራለች፤ ይህን ዘፈን ግን ከራሱ ከካሴቱ ልብ ብላ መስማቷ ገና ዛሬ ነው።

«‹ዉድ ሂ› ነው የሚለው» አለች። «ፈረንጆቹ ሃውን ይውጡታል፣ ‹ውዲ› ይሆናል። መጠየቂያ ነው እንጂ የሰው ስም አይደለም።»

ሰብስቤ ወንበሩ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

ነገሩ የጀመረው ዓምና ነው። ከድሬዳዋ የመጣ አንድ የምድር ባቡር ሠራተኛ ካሴቱን ሰብስቤ በሚሠራበት ሆቴል ረስቶት ሄደ። ሰብስቤ ከባንኮኒው ኋላ ሆኖ አዳመጠው፣ ደጋገመው፣ በመጨረሻም ፈረንጁ «ውዴ! ውዴ! ውዴ!» እያለ እንደሚጣራ እርግጠኛ ሆነ። በዚያው ሰሞን የልብስ ስፌት ለመማር ከሁሩታ ናዝሬት መጥታ የነበረች ውዴ የምትባል ልጅ ከጓደኞቿ ጋር እሑድ እሑድ የሆቴሉ ግቢ ውስጥ ለስላሳ ትጠጣ ነበር። «የፈረንጅ ዘፋኝ በስምሽ ይጣራል» አላት። «ሂድ ወዲያ!» አለችው፤ ግን ሳቀች። አንድ ቀን ከፈተላት፤ በግቢው ጫጫታ መካከል ከከበሮው በቀር የሰማችው ነገር አልነበረም። እሷም ትምህርቷን ጨርሳ ወደ ሁሩታ ተመለሰች።

ከሁለት ሳምንት በፊት ደብዳቤ ጻፈችለት። የአንድ ወፍጮ ቤት ባለቤት ለልጁ ሊጠይቃት አባቷ ዘንድ ሽማግሌ ልኳል። እሑድ የምስክር ወረቀቷን ልትወስድ ወደ ናዝሬት ትመጣለች፤ አውቶቡሷ የሚመለሰው ዘጠኝ ሰዓት ነው። «ብዙ ነገር ነግረኸኛል» ይላል ደብዳቤው። «ከነገርከኝ ሁሉ በራሴ ጆሮ ላረጋግጠው የምችለው ያንን ዘፈን ብቻ ነው። አሰማኝ። እሱ እውነት ከሆነ ሌላውንም አምንሃለሁ።»

ካሴቱ ግን በዚህ መሐል ተበላሸ። ያኔ ነው ሰብስቤ ዘፈኑን በራሱ ድምፅ ሊቀዳው ያሰበው። ኢተፋ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሬድዮ ይጠግናል፣ የቀበሌው የኪነት ቡድንም ጊታር መቺ ነው፤ የቡድኑን ጊታር ለአንድ ቀን ይዞት መጣ። የጎደለው ቃሉን የሚጽፍ ሰው ነበር፤ ተሻለችን የጠሯት ለዚህ ነው።

«እሺ» አለ ሰብስቤ። «ዲ ይሁን። ማን ያውቃል? አንቺ፣ እኔና ኢተፋ።»

«እኔ የለሁበትም» አለ ኢተፋ።

«ብትጠይቅሽ ‹አዎ፣ ስምሽ ነው› ትያታለሽ። አንድ ቃል ናት፣ እትዬ ተሹ።»

«አልላትም።»

«ለወንድምሽ?»

«ቃሉን ልጻፍልህ፣ ሻንጣውን እንደ ከበሮ ልምታልህ። ልጅቷ ከጠየቀችኝ ግን ዲ ነው እላታለሁ።»

ሰብስቤ እህቱን ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ደብተሩን ወደ እሷ ገፋው። «ጻፊ በቃ።»

ተሻለች የእንግሊዝኛውን ቃል በአማርኛ ፊደል እየገለበጠች ጻፈች። ሥራው እየጣማት ሄደ። ወንድሟ ዓመት ሙሉ ሲያንጎራጉረው የኖረው፣ እሷ ትርጉም የለሽ ጩኸት ይመስላት የነበረው ነገር፣ ቃል በቃል ሲፈታ ሌላ ሆኖ አገኘችው። አንዱን ስንኝ ለመያዝ ሰባት ጊዜ መለሰችው። አንድ ቦታ «መብራት» ይላል ወይስ «ሌሊት» መለየት አቃታትና «ቀስ በሉ፣ አንዴ ብቻ» እያለች ከሁለቱ ይልቅ እሷ አስቸገረች።

ሰዓቱ ለሥራቸው የተመቸ ነበር። የቀበሌው ስብሰባ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ስለጀመረ ግቢው ባዶ ነው። አከራያቸው እማማ ዘውድነሽ እንኳ ዱካቸውን ይዘው ሄደዋል። ተሻለች የፈተና ወረቀት አርማለሁ ብላ አስፈቅዳለች፤ ሰብስቤ ሌሊት ተረኛ እንደነበር አስመዝግቧል፤ ኢተፋ ደግሞ ማለዳ የስብሰባውን የድምፅ ማጉያ ገጥሞ፣ የድምፁን ልክ አስተካክሎ፣ ሰው ሳያየው ሾልኮ መጥቷል።

መስኮቱን በጋቢ ጋረዱት፤ ፍራሹን በሩ ላይ አቆሙት። ማይክራፎኑን በጫማ ማሰሪያ ከመጥረጊያ እንጨት ጋር አሰሩትና እንጨቱን ባልዲ አሸዋ ውስጥ ተከሉት። የናዝሬት ፀሐይ በቆርቆሮው ላይ ከብዳለች፤ ሦስቱም ገና ሳይጀምሩ በላብ ተጠመቁ። ተሻለች የካርቶን ሻንጣዋን እግሯ መካከል አቁማ ሸበጥ አነሳች።

መጀመሪያ ሲቀዱ የጋሪ ቃጭል በአጥሩ ሥር አለፈና አበላሸው። በሁለተኛው ሰብስቤ፣ ልጅ ሆኖ የቄስ ትምህርት የተማረ ነውና፣ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ድምፁን አርገበገበው።

«ወንድሜ፣ አሁን ፈረንጅ ነህ» አለ ኢተፋ ጊታሩን አቁሞ። «ቅዳሴ አይደለም የያዝነው።»

«እሱስ ሻንጣ ላይ በሸበጥ ነው እንዴ የሚዘፍነው?»

«ሻንጣዬን አትንካ» አለች ተሻለች።

ለሦስተኛ ጊዜ ጀመሩ። ኢተፋ አንገቱን ደፍቶ ያንን የመግቢያ ዜማ መታ፤ ተሻለች ገባች፤ ሰብስቤ ደብተሩን በሁለት እጁ ይዞ ዘፈነ። የመጀመሪያው አዝማች ላይ ሲደርስ እህቱ የጻፈችውን እንደ ተማሪ አጥርቶ አነበበው፦ «ውዲ!» ተሻለች ሸበጡን ስትመታ የቀለላት ነገር ነበር። በሁለተኛው አዝማች ድምፁ ጠነከረ። ሦስተኛው ላይ ግን ደብተሩን ዝቅ አደረገና ዓይኑን ጨፍኖ ጮኸ። ዲ ይበል ዴ፣ እህቱ በሸበጡ ድምፅ መካከል አልለየችውም። ልትጠይቀው አፏን ስትከፍት የግቢው በር ተንኳኳ።

ውዴ ነበረች። ቀጭን፣ አንገቷን ቀና የምታደርግ ልጅ ናት፤ የምስክር ወረቀቷን ጠቅልላ በክር አስራዋለች። ፍራሹን ከበሩ ላይ አንስተው ሲያስገቧት ባልዲውንና መጥረጊያውን አይታ፣ «ቤት እየለቀቃችሁ ነው?» አለች።

«አከም ጂርታ?» ሲል በኦሮምኛ ሰላም አላት ኢተፋ።

«ፈያ። ጊታሩ የማን ነው?»

«የሰፊው ሕዝብ።»

ተሻለች ወንበር ሰጠቻት። ውዴ እጅ ነስታ ተቀመጠች። «እርስዎ መምህርቷ እህቱ ነዎት አይደል? ስለ እርስዎ እንኳ ያለው እውነት ነው።»

«‹አንቺ› በይኝ፣ እኔ አሮጊት አይደለሁም። ምን አለሽ ስለ እኔ?»

«ከባድ ናት አለኝ።»

ኢተፋ ሳቀ። ሰብስቤ አልሳቀም፤ ቴፑን እየመለሰ ነበር። ጣቱ ቁልፉ ላይ ትንሽ ቆየ። «ካሴቱ ስለተበላሸ እኛው ነን የቀዳነው» አለና ከፈተው።

ጊታሩ ከጠበቁት በላይ አማረ። ሻንጣው እውነተኛ ከበሮ መሰለ። የሰብስቤ ድምፅ፣ በዚያች ትንሽ ክፍል ሲዘፈን እንደዚያ ያልነበረው ድምፅ፣ ከቴፑ ሲወጣ ሩቅና ወፍራም ሆኖ ተሰማ። ውዴ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች። የመጀመሪያው አዝማች መጣ፦ «ውዲ!» ቅንድቧ ተነሳ። ሁለተኛው ሲደርስ፣ ሰብስቤ ገና «ው…» እንዳለ፣ ከሩቅ፣ ግን ጥርት ብሎ፣ የብዙ መቶ ሰው ድምፅ ከቴፑ ፈነዳ፦

«ይውደም!»

ሦስቱም ክው አሉ፤ ሲቀዱ በዘፈኑ ተጠምደው አልሰሙትም ነበር። ቀጥሎ አንድ ቀጭን ድምፅ በማጉያ ስለ አድኃሪያን የሆነ ነገር አለ፤ ሕዝቡ እንደገና «ይውደም!» አለ፤ ጊታሩ ምንም እንዳልሆነ ቀጠለ።

«አንተ!» አለ ሰብስቤ ወደ ኢተፋ ዞሮ። «ማጉያውን ስንት ላይ አድርገኸው ነው የመጣኸው?»

«መጨረሻ ላይ» አለ ኢተፋ በደከመ ድምፅ። «ሊቀመንበሩ ‹እስከ ሎጊያ ድረስ ይሰማ› አለኝ። አሰማሁ።»

ውዴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትንቀጠቀጣለች። እየሳቀች ሳለ ሦስተኛው አዝማች መጣ። ድምፁ ያለ ምንም ጩኸት ብቻውን ወጣ፤ ኃምሱ ነበር፣ ማንም የማይስተው ዴ። ሳቋ ቀስ እያለ አቆመ።

ቴፑ ሲዘጋ፣ «አንዴ ዲ አልክ፣ አንዴ ዴ አልክ» አለች። «ፈረንጁ የቱን ነው የሚለው?»

ተሻለች እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣመረች። ልጅቷ ወደ እሷ ብትዞር ምን እንደምትመልስ ታውቃለች፤ ወደ እሷ እንዳትዞር ግን አጥብቃ ተመኘች። ውዴም አልዞረችም። የምታየው ሰብስቤን ብቻ ነበር።

«ዲ ነው የሚለው» አለ ሰብስቤ። ላቡን በክንዱ ጠረገ። «ስምሽ አይደለም። ዛሬ ጠዋት ነው እህቴ የነገረችኝ። እስከ ዛሬ ስምሽ መስሎኝ ነበር፤ ይህን ብታምኚኝ ደስ ይለኛል። ባታምኚኝም አልፈርድብሽም።»

«ዛሬ ጠዋት አውቀህ ታዲያ መጨረሻ ላይ ለምን ዴ አልክ?»

«እሱ የእኔ ነው። የፈረንጁ አይደለም።»

ውዴ ክሩን ከወረቀቷ ላይ ፈታች፣ መልሳ አሰረችው። ከዚያ ወደ ተሻለች ዞረች። «ዲው ምን ማለት ነው?»

ተሻለች ደብተሩን አነሳች። «አንዲት ሴት ስለ ሄደ ሰው ትጠይቃለች። ‹ቢመለስ ቤቱን ያውቀው ይሆን? ባላየው ያንኳኳ ይሆን?› ትላለች። አንዱ ቦታ አልተያዘልኝም፤ ‹መብራት› ነው ወይ ‹ሌሊት›።»

«የሚዘፍነው ወንድ አይደለም?»

«ነው። እኔም እሱ ነው የገረመኝ።»

«የተበላሸውን አምጡት እስቲ።»

የተለጠጠውን ካሴት ከፈቱላት። ሁለቱ ሴቶች ከቴፑ ላይ አጎንብሰው ያንን አንድ ስንኝ አራት ጊዜ ሰሙት። ውዴ «ሌሊት» አለች፤ ተሻለች «መብራት» አለች፤ አልተስማሙም። ግን ተሻለች ልጅቷ እንዴት እንደምታዳምጥ አየች፦ የማታውቀውን ነገር ሳትፈራ፣ እንደ አዲስ ጨርቅ እየዳበሰች።

ውዴ ቀና ብላ ሰዓቷን አየች። «የሁሩታዎቹ ሽማግሌዎች ለመልስ የተቀጠሩት ቅዳሜ ነው» አለች ለሰብስቤ፣ ስለ አውቶቡስ መነሻ የምትናገር ይመስል። «የምትልካቸው ካሉህ ሐሙስ ይድረሱ። አባቴ ጠዋት እርሻ ይወጣል፤ ከቀትር በኋላ ይሁን። ኦሮምኛ የሚችል አንድ ሰው ይኑርበት። ቤት ተከራይቻለሁ ያልከኝን ደግሞ ቢጠየቁ እንዳያፍሩ።»

«እሱ… ገና ነው» አለ ሰብስቤ። «እየተነጋገርኩ ነው።»

«እንግዲያው እየተነጋገረ ነው ይበሉ።»

ሰብስቤ ወደ ኢተፋ ዞረና፣ «አጎትህ! ጋሽ ሰንበታ!» አለ።

«ጋሽ ሰንበታ ጆሯቸው አይሰማም።»

«ይናገሩ እንጂ ለምን ይሰማሉ? ጋሽ ገሠሠን እንጨምር።»

«ገሠሠና ሰንበታ በአጥር ተጣልተው አይነጋገሩም፤ አንድ አውቶቡስ ላይ ልትጭናቸው ነው?»

«ፊትና ኋላ ይቀመጣሉ!»

«ሦስተኛውስ? ሽማግሌ ሁለት አይሆንም።»

«ሦስተኛው አንተ ነህ።»

«እኔ? በዚህ ዕድሜዬ? ሪዝ እንኳ የለኝም!»

ውዴ የተለጠጠውን ካሴት ከቴፑ አውጥታ ከምስክር ወረቀቷ ጋር ያዘች። ተሻለች ጫማዋን አደረገችና በሩን ከፈተችላት። ስብሰባው ገና አልተበተነም፤ መንገዱ ላይ ፀሐይና አቧራ ብቻ ነው። ተሻለች እጇን ዘርግታ ከአውቶቡስ ተራ አቅጣጫ የሚመጣ ባዶ ጋሪ አስቆመች። ውዴ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ወጣች፤ ባለጋሪው ልጓሙን ሳብ አደረገ፤ ከክፍሉ «ሪዝ በአራት ቀን አይበቅልም!» የሚል የኢተፋ ድምፅ ሲመጣ ፈረሱ ዞሮ መንገድ ጀመረ።